ሙክታር ሐበሻ የሆነበት ሰሞን

ትናንት እዚህ ጅቡቲ፣ ቡላኦስ ሰፈር ውስጥ መንገድ የሚጠግኑ ሰዎች በበርሜል ሬንጅ ሲያቀልጡ በአጠገባቸው ሳልፍ ሽታው እዚያው አቆመኝ፤ ታላቅ ወንድሜ ሙክታር ወደ ዶራሌ ወደብ በሚወስደው መንገድ ሮጦ ሲመለስ በር ላይ የሚያወልቀው ሸራ ጫማ እንዲህ ነበር የሚሸተው፤ እናታችንም አፍንጫዋን ይዛ ጫማውን በእግሯ ወደ ደጅ ገፋ ታደርገው ነበር።

አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ሳቂታና ጨዋታ ወዳድ። የሐረር ሰዎች ስለሆንን በቤታችን "ሐበሻ" የሚባለው ደገኛው ነው። ጎረቤቶቻችን ግን፣ ሶማሌውም አፋሩም፣ ከኢትዮጵያ የመጣውን ሁሉ ጠቅልለው ሐበሻ ይሉታል። እኛ ይህን ስንሰማ ቅር ይለናል፤ የኢትዮጵያ ሯጮች በቴሌቪዥን ሲያሸንፉ ግን ለአንድ ምሽት ሳናቅማማ ሐበሻ ሆነን "ማብሩክ" ሲሉን ደስታውን እንቀበላለን።

ቀትር ላይ ጫቱ ከድሬዳዋ ሲገባ ከተማው ሱቁን ዘግቶ ይቀመጣል። በእኛ ቤት በርጫ ላይ ወሬው የጋሽ ታምራት ነበር፤ ከወደብ ወደ አዲስ አበባ ኮንቴይነር የሚያመላልስ ሹፌር፣ ለእኔ ከደጋ ኮክ የሚያመጣልኝ ደግ ሰው፤ ክፋቱ ሲመረቅን የሚረታው አለመገኘቱ ነው። አንድ ቀን የሙክታርን ቀጫጭን ቅልጥም አየና፣

"ሐበሻ ሯጭ ነው። ይሄ ልጅ ሐበሻ ነው። ታዲያ ምኑ ነው የሚያከራክረን?" አለ።

እናቴ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና፣ "እነሱ ደገኞች ናቸው፤ የእኔ ልጅ ደጋ ረግጦ አያውቅም" አለች።

"እነሱን ያጠነከራቸው መከራው ነው፣ እትዬ! አየር በሌለበት እየሮጡ። ለሱ ደግሞ ሙቀቱ አለለት፤ ሙቀቱ የሱ ደጋ ነው!"

ወንዶቹ አጨበጨቡ፤ አባቴም እንባው እስኪወርድ ሳቀ። ነገሩ ሲያዳምጡት ማር ነበር። ያቺ "ሐበሻ" የምትል ቃል ከአፉ ስትወጣ ደገኛ ማለት፣ ሙክታር ላይ ስታርፍ ግን እንደ ጎረቤቶቻችን አባባል ከኢትዮጵያ የመጣ ሁሉ ማለት መሆኗን፣ በመከራው ጠንክረው ካሸነፉት ሌላ በመከራው ወድቀው የቀሩ መኖራቸውን ያነሳ የለም። እናቴ ብቻ "ሙቀት መቼ ሰው አጠነከረ? ሰው ነው የሚያደርቀው" ብላ አጉተመተመች፤ የሴት ፍርሃት ነው ተባለ።

ሙክታር በሄሮን የባሕር ዳርቻ ለሚደረገው የሰፈሮች ውድድር ሊዘጋጅ፣ ያ የሚለበልብ የበጋ ነፋስ በሚነፍስበት ወር፣ የጋሽ ታምራትን ቃል አምኖ በጠራራ ፀሐይ፣ ውሃ ሳይቀምስ ይሮጥ ጀመር። ሲመለስ ፊቱ ቀልቶ፣ ከንፈሩ ተሰንጥቆ፣ እኔን በላብ በተነከረ ሸሚዙ እያባረረ ያስቀኝ ነበር። አንድ ቀን ሳይመለስ ቀረ። ሰው ሁሉ በርጫ ላይ በሆነበት ሰዓት ዶራሌ መንገድ ዳር ወድቆ፣ ከብዙ ቆይታ በኋላ አንድ የወደብ ሠራተኛ አግኝቶት ሆስፒታል አደረሰው። ዓይኑን ሳይገልጥ ሞተ። አሥራ ሰባት ዓመቱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በቤታችን ሩጫ አይታይም። አባቴ ጨዋታ ሲደምቅ ተነስቶ ይወጣ ነበር፤ ያን ሳቁን ዳግመኛ ሳልሰማው ቀበርኩት። እኔም ልጆች ወልጄ፣ ቀትር ላይ ከቤት ሲወጡ ውሃ ሳላስይዝ አልለቃቸውም። ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን ለቅሶው ላይ የሰማሁት ነው።

ጋሽ ታምራት እንደ ሕፃን አለቀሰ፤ እውነተኛ ለቅሶ ነበር። ሲረጋጋ ግን ወንዶቹ ማጽናኛ ፍለጋ ወሬ ጀመሩ፤ እሱም በተጨማደደ መሐረቡ ፊቱን እየጠረገ፣

"ለነገሩ ልጁ የቆላ ልጅ ነው። የእውነት ሐበሻ ቢሆን እኮ አይወድቅም ነበር" አለ።

ሌሎቹ "እውነት ነው" አሉ። አባቴም ከሐዘኑ ብዛት ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ይኸኔ እናቴ መጋረጃውን ገልጣ ወንዶቹ መሐል ገባች፤ እንዲህ ስታደርግ አይቻት አላውቅም።

"ሐበሻ ነው ብላችሁ ነው ያስሮጣችሁት፤ አይደለም ካላችሁማ ልጄን መልሱልኝ" አለች።