የእናቴ መጽሔትና ጋሽ መኮንን

የእርጥብ ማተሚያ ቀለምና የማጣበቂያ ሽታ ዛሬም ያቅለሸልሸኛል። በቀደም መገናኛ ከአንድ ሕንፃ ምድር ቤት ሽቅብ እየወጣ ደረጃው ላይ ሲያገኘኝ፣ አፍንጫዬን በሻርፔ ይዤ ግድግዳ ተደግፌ ቆምኩ፤ ያየኝ ሰው መጽሔት አዘጋጅቼ የማድር ሴት ነኝ ብል አያምነኝም። ልጅ ሳለሁ ግን ይህን ሽታ እወደው ነበር፤ የእማዬ ሽታ ነበርና።

ቤታችን ከኮተቤ አልፎ ወደ ካራ በሚወስደው መንገድ፣ ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ በታች ነበር። እናቴ አስካለ በተማሪነቷ «መሬት ላራሹ» እያለች ሰልፍ ወጥታ፣ በዱላ ተመትታ አንድ ጆሮዋ መስማት ያቆመ፣ ታስራም የተፈታች ሴት ነበረች። ኋላ የግል ኅትመት ሲፈቀድ ከሰልፍ ጓደኛዋ ከጋሽ መኮንን ጋር ሆና መጽሔት አቋቋመች፤ ፈቃዱ በሁለቱም ስም ወጥቶ እሷ አዘጋጅ፣ እሱ ሥራ አስኪያጅ ሆኑ። ያኔ «እርስዎ» እለው ነበር፤ ዛሬ ስለ እሱ ስጽፍ አንቱታው እምቢ ይለኛል።

ክረምት ክረምት መንገዱ ጭቃ ስለሚሆን፣ ከማተሚያ ቤት የመጣውን መጽሔት ከአስፋልቱ ዳር ተሸክመን አምጥተን ሳሎን ውስጥ በላስቲክ ሸፍነን እንደረድረው ነበር። ጣሪያው ስለሚያፈስ አባዬ ባልዲ እየቀያየረ ሲሯሯጥ፣ እማዬ ቀለም የነካው ጣቷን በነጭ ጋዝ እያበሰች ትስቅበት ነበር። ጋሽ መኮንን እሁድ እሁድ እየመጣ፣ ምሳውን በልቶ፣ እኔን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ከፖሊስ እንዴት ያመልጡ እንደነበር ይተርክልኛል። «እናትሽ ከፊት፣ እኔ ከኋላ!» ሲል ሳድግ እንደ እሱ መሆን ያምረኝ ነበር።

መስከረም ሲጠባ ደግሞ እማዬ እጄን ይዛኝ ወተት ወደሚያመጣልን ገበሬ ወደ አባ ቱፋ ማሳ እንወጣ ነበር። አባ ቱፋ የባቄላ እሸት ቆርጦ አሸክሞን፣ ስንዴውን በእጁ እየዳሰሰ ስለ ዝናቡ ያወራናል። አንድ ዓመት ኅዳር ላይ፣ ስንዴው ሊታጨድ ሲል፣ ማሳው ውስጥ ችካል ተተከለ፤ ወዲያው ዶዘር ገባበት። አባ ቱፋ በማግስቱ ወተቱን ሳይዝ መጥቶ በረንዳችን ላይ ቁጭ አለ።

«እትዬ አስካለ፣ ደርሶ ነበር እኮ» አለ። «አጭዳችሁ ልቀቁ እንኳ አላሉንም።»

እማዬ ካራን ከቤት ቤት እየዞረች፣ ቢሮ ለቢሮ እየተመላለሰች ስታጣራ፣ መሬቱን ከወሰደው ድርጅት ጀርባ ጋሽ መኮንንን አገኘችው። እሱም መጠርጠሩን ሰምቶ ኖሮ፣ ገና ጽሑፉ ሳይወጣ፣ አንድ እሁድ ኬክ ይዞ መጣ። ሲቆርሰው አጠገቡ ቆሜ ነበር።

«አስኩ፣ ይቺን ነገር ተያት። ልማት ነው፤ እነሱም ይለወጣሉ።»

«ስንዴው ያንተ ነበር?»

«አይ አስኩ ደግሞ!»

«መሬት ላራሹ ስንል ድምፅህ ከእኔ ይበልጥ ነበር እኮ፣ መኮንን።»

ሳቀ። «ልጆች ነበርን» አለና ጣቱ ላይ የቀረውን ክሬም ላሰ።

ያቺን አላሳስ አልረሳትም። ቀስ ብሎ፣ ጣት በጣት እያዳረሰ ነበር የላሰው። እማዬ የቀረውን ኬክ ከነካርቶኑ አንስታ፣ እሱ እያየ፣ ወጥታ ለውሻችን ሰጠችው። ከዚያ የግቢውን በር ከፍታ ቆመች።

ጽሑፉ ወጣ። ጥምቀት ሰሞን ሁለት ሰዎች መጥተው እማዬን ወሰዷት፤ ክሱ ስም ማጥፋት ነው ተባለ። መጽሔቱን ሲዋሱን የኖሩ ጎረቤቶች እኔን ሲያዩ ድምፃቸውን ይቀንሱ ጀመር። አባዬ በየቀኑ ስንቅ ያመላልስ ነበርና፣ መጋቢት ላይ አንድ ቀን አብሬው ሄጄ ስንመለስ፣ መገናኛ መሬት ላይ ከተዘረጉ ጋዜጦች መሀል የእኛን መጽሔት አየሁት። ስሙ ያው የእማዬ መጽሔት ስም ነው፤ ፈቃዱ የእሱም ስለሆነ፣ ጋሽ መኮንን እሷ ታስራ ሳለ ማሳተሙን ቀጥሎበት ኖሯል። ሽፋኑ ላይ ጋሽ መኮንን ሱፍ ልብስ ለብሶ፣ አባ ቱፋ ስንዴ ያበቅልበት በነበረው መሬት ላይ ቆሞ ይስቃል፤ ከሥሩ «የልማት አርበኛ» የሚል ተጽፏል። አንስቼ ገለጥኩት። ያ የምወደው ሽታ አፍንጫዬ ውስጥ ሲገባ እዚያው አስፋልቱ ዳር አስመለሰኝ።

«ፀሐይ መቷት ነው» አለ ሻጩ።

አባዬ አፌን በመሐረቡ እየጠረገ፣ «ፀሐይ አይደለም» አለ።

እማዬ ክረምቱ ሲገባ ከስታ፣ ጠቁራ ተፈታች። መጽሔቱን ደብቀንባት ነበር፤ ግን ጠይቃ አስመጥታ፣ ቀይ እስክሪብቶዋን ይዛ ከዳር እስከ ዳር አነበበችው። ስትጨርስ አላለቀሰችም። «ፊደል እንኳ ገድፈዋል» አለች ጸያፍ ነገር እንደ ረገጠ ሰው ፊቷን አኮማትራ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዝናቡ እስኪያባራ ምግብ ጠረጴዛችን ላይ እየጻፈች የካራን ገበሬዎች ታሪክ መጽሐፍ አደረገችው፤ እኛም ክረምቱን ሙሉ ምሳችንን በጉልበታችን ላይ አድርገን እንበላ ነበር።

መጽሐፉ በበጋ በአንድ አዳራሽ ሲመረቅ፣ ጋሽ መኮንን ካሜራ የያዘ ሰው አስከትሎ ገባ። እማዬ ገና ከመቀመጫዋ ሳትነሣ «ጓዴ!» ብሎ አንገቷ ላይ ተጠመጠመ። ከዚያ ከፊት ወንበር፣ ከአባ ቱፋ አጠገብ፣ ተደላድሎ ተቀመጠ። እማዬ ወደ መድረክ ወጥታ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ አንቱ አለችው።

«አቶ መኮንን፣ ምዕራፍ ሦስት ስለ እርስዎ ነው። አጠገብዎ የተቀመጡት አቶ ቱፋ ናቸው፤ ስንዴያቸውን ያስታውሱት ይሆናል።»

አሁን ያፍራል፣ አሁን ተነሥቶ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ፣ ተነሣና አጨበጨበ። ግራ የገባው ሕዝብም ተከትሎት አጨበጨበ። ወደ ካሜራው ዞሮ ለአባ ቱፋ እጁን ዘረጋ። አባ ቱፋ ግን እጁን ጋቢው ውስጥ ከተተና ፊት ለፊቱን ማየት ቀጠለ።

ቤት ስንገባ እማዬ ቧንቧው ጋ ሄዳ አንገቷን በሳሙና ስታሽ ቆየች።

«ምን ሆነሻል?» አላት አባዬ።

«ሽቶው አልለቅ አለኝ።»

መሬቱ አልተመለሰም፤ የተጠየቀም ሰው የለም። አባ ቱፋ ማሳው ላይ በተሠራው ፎቅ ዘበኛ ሆኖ ተቀጥሮ፣ ከዓመታት በኋላ አረፈ። እማዬ ሌሎች መጻሕፍት ጽፋ፣ የስንቱን ወጣት ጽሑፍ አርማ፣ አሁን የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ውስጥ በአጉሊ መነጽር እያነበበች ትኖራለች። ሥራዋ ለእኔ ተርፎ እኔም አዘጋጅ ሆንኩ።

ባለፈው ወር አንድ ባለሀብት ስለ ራሱ ያስጻፈውን ውዳሴ፣ ፎቶው ሳይቀር ተዘጋጅቶ፣ ቢሮዬ ድረስ ላከልኝ። የሥራ ባልደረቦቼ ጥሩ ልጆች ናቸው፤ ተቀብለውት «የትኛው ገጽ ላይ ይግባ?» አሉኝ። አይገባም ስላቸው ተያዩ። አንዷ በትሕትና፣ «እትዬ፣ ምን ችግር አለው?» ብላ ጠየቀችኝ፤ እውነትም ልታውቅ ፈልጋ ነበር። በራችንን ዘግቼ፣ አስቀምጬ፣ ቃል እየመረጥኩ ሳስረዳት ከሰዓት በኋላው አለቀ። በዚያን ጊዜ፣ በእኛ ቤት፣ ይህ ማስረዳት የሚያስፈልገው ነገር አልነበረም።