ነጩ ኪቦርድ የጻፈው

ትናንት ከሰዓት በኋላ... ፍኖተ ሰላም፣ ትርንጎ ሱቅ ቁጭ ብዬ ኪቦርድ እመርጣለሁ።

የላፕቶፔ ቁልፎች ከተበላሹ ቆይተዋል። «ለ» ካልደበደቧት አትወጣም። ያለ «ለ» ደግሞ አማርኛ አይጻፍም።

ትርንጎ የኮምፒውተር ዕቃ ትሸጣለች፤ እግረ መንገዷን ለባለጉዳይ ማመልከቻና ውል ትጽፋለች። ሁለት ገመድ አልባ ኪቦርዶች ከነማውሳቸው አወጣችልኝ፤ አንዱ ጥቁር፣ አንዱ ነጭ። ጥቁሩን ሞከርኩት። ይሠራል፤ ግን ቁልፉ በተመታ ቁጥር ቋ ቋ ይላል።

«ይሄ ጎረቤት ያስነሳል» አልኳት።

«ነጩ ድምፅ የለውም፣ ጋሼ። ከኮምፒውተር የሚያገናኘው መቀበያ ብቻ ከሳጥኑ የለም...» መሳቢያዋን ፈትሻ ጥፍር የምታክል መቀበያ አገኘችና የጥቁሩን ነቅላ እሷን ላፕቶፔ ላይ ሰካችልኝ።

ይሄኔ ሦስት ሰዎች ገቡ። አንድ ሽማግሌና ሁለት ወንድማማቾች፣ ከቡሬ ገጠር። ሽማግሌው «ዱላው እዚያው ይቅር» ስላሏቸው ወንድማማቾቹ ዱላቸውን በር ላይ አስደግፈው ገቡ።

«የእርቅ ውል ጻፊልን፣ ልጄ» አሏት ሽማግሌው። አባ ይርዳው ይሏቸዋል።

ሱቋ ጠባብ ናት፤ ሁሉም ይሰማል። ጠቡ በመስኖ ውሃ ነው። የታላቅየው፣ የአንማው በርበሬ ከላይ ነው፤ የታናሽየው፣ የይበልጣል ከታች። ባለፈው በጋ በዚሁ ውሃ ተፈናክተዋል። አንማው ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው። አሁን «ውሃውን በተራ ያጠጣሉ» ብለው ሊፈርሙ ነው።

«አደራ፣ ደህና አድርገሽ ጻፊው» አሉ አባ ይርዳው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይኸ ካልያዘ ቀጥሎ የምንቀመጠው ለደም ካሣ ነው።»

ትርንጎ መጻፍ ጀመረች። «ዛሬ ይሄን ማውስ ምን ነካው፣ ቀስቱ ለብቻው ይሄዳል» ብላ አጉረመረመች። እኔም ነጩን ማውስ ወዲያ ወዲህ እገፋለሁ። የኔ ቀስት ንቅንቅ አላለም። ነገሩን ያኔ ማያያዝ ነበረብኝ...

ጽፋ ጨረሰችና ወረቀት ልትጨምር ወደ ፕሪንተሩ ዞረች።

እኔ ነጩን ኪቦርድ እመታለሁ። ስክሪኔ ባዶ ነው። ይነቃ ይሆናል ብዬ ቀጠልኩ። እጄ ደግሞ ልማዱ ነው፣ ዓይኔ ያየውን ይጽፋል። ይበልጣል ከገባ ጀምሮ ቃል አልተነፈሰም፤ የሚያየው የወንድሙን እጅ ብቻ ነው። እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ታናሽየው ታላቅየውን አያምነውም። ዝም ያለው ሽማግሌውን አፍሮ ነው።

የትም አይወጣም ብዬ።

«ይኸ ምንድን ነው?» አለ አንማው።

የትርንጎን ስክሪን እያየ ነው። ፊደል ቆጥሯል። ከውሉ ሥር የተጨመረውን ቃል በቃል፣ ጮክ ብሎ አነበበው።



«ማን ነገረሽ?» አላት ትርንጎን።

«እጄን አያዩም እንዴ... ወረቀት ይዤ!»

ገባኝ። መናገር ሲገባኝ ጣቴ ቀደመኝና ማጥፊያውን ተጭኜ ያዝኩት። ፊደሎቹ ዓይናቸው እያየ ከኋላ አንድ በአንድ ይጠፉ ጀመር። አባ ይርዳው አማተቡ። ትርንጎ ወረቀቱን ለቀቀችው። አንማው ወደ በሩ አየ፤ ዱላው ወዳለበት። ይበልጣልም አየ።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አልኩ። ነጩን ኪቦርድ ከፍ አድርጌ አሳየኋቸው። «በዚህ።»

«በየት ገመድ?» አለ አንማው።

«ገመድ የለውም።»

እውነቱን መናገሬ ነገሩን አላሻለውም።

ትርንጎ ጎንበስ ብላ ከኮምፒውተሯ ጀርባ ሌላ ትንሽ መቀበያ ነቅላ አወጣች። ነጩን ጠዋት ለአንድ ደንበኛ ስታሳይ እዚያ ሰክታ ረስታዋለች። እኔ ላይ የሰካችው የሌላ ዕቃ ነው።

አንማው ማብራሪያዋን አልሰማም። ወደኔ መጣ። «ማነኸ አንተ? ማን ላከኸ?»

«ማንም። ኪቦርድ ልገዛ ነው።»

«የወንድሜን ልብ በምን አየኸው?»

ጸሐፊ ነኝ ብል ይብሳል...

አባ ይርዳው መሃላችን ገቡ። «ሰውየውን ተወው። ቃሉ ከየትም ይምጣ።» ወደ ታናሽየው ዞሩ። «ይበልጣል፣ ሐሰት ነው በላ።»

ይበልጣል መሬት መሬት ያያል።

«በላ እንጂ» አለው አንማው።

«አያ... ውሃው ከላይ ነው የሚመጣው።»

አንማው እንደገና ወደ በሩ አየ።

«ወደኔ እይ» አሉት አባ ይርዳው። «በተራው ውሃ ቆርጠኸበት ታውቃለኸ?»

«አንዴ።»

«አንዴ አይደለም» አለ ይበልጣል።

ሽማግሌው ወደኔ ዞር ብለው «አንተ ደግሞ እጅኸን ከዚያ ነገር ላይ አንሳልኝ» አሉኝ። አነሳሁ።

«ጻፊ፣ ልጄ። ውሃው ከማሳ ማሳ ሲዞር ተራ የሚያስከብረው የውሃ አባት ከቦዩ ላይ ይቁም። እሱ በሌለበት አንዳቸውም ቦዩን አይንኩ።»

አንማው ተከፋ። ግን አልተቃወመም። ፈረሙ።

ታረቁ ግን አልላችሁም። ዱላቸውን አንስተው ሲወጡ ይበልጣል ወንድሙን አስቀድሞ ከኋላ ሆነ። ታላቁን አክብሮ ይሁን ጀርባውን ላለመስጠት... ይሄን አልጻፍኩትም።

ትርንጎ ላቧን ጠረገች። «ነጩን ልጠቅልልዎ፣ ጋሼ?»

ጥቁሩን ገዛሁ። ቢያንስ ሲጽፉበት ይሰማል።