ከቻሞ የወጣው ፎቶ

ፎቶው የደረሰኝ ሻኮፒ በምትባል የባሕር ማዶ ከተማ፣ የምሠራበት መጋዘን ፓርኪንግ ውስጥ፣ ብሬክ ወጥቼ መኪናዬ ውስጥ ምሳዬን ስበላ ነው። ወንድሜ በቤተሰባችን ቴሌግራም ላይ «የድሮ ዕቃ ሳገላብጥ አገኘሁት» ብሎ ለጠፈው። አፋቸውን ከፍተው አሸዋ ላይ የተጋደሙ አዞዎች፤ ጥጉ ላይ የደበዘዘ የልጅ ጣት።

ጣቱ የእኔ ነው። አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ከቤተ ክርስቲያናችን መዘምራን ጋር ቻሞ ሐይቅ ሄደን፣ ጀልባ ነጂው ሽማግሌ ሞተሩን ከሩቅ አጠፉት። ውሃው ጭቃ ጭቃ፣ ዓሣ ዓሣ ይሸታል።

«አዞ የሚያምረው ከሩቅ ሲያዩት ነው። ማንም እንዳይነሳ» አሉን።

ፎቶውን አንስቼ የመዘምራኑን ካሜራ አጠገቤ አስቀመጥኩት። ወዲያው አንዱ አዞ ተንሸራቶ ውሃ ሲገባ ደንግጬ ብድግ አልኩ፤ ጀልባዋ ተናወጠች።

«በቃ፣ ካሜራው ውሃ ገባ። አንቺ ነሽ የጣልሽው» አለ ከኋላዬ የተቀመጠው ወንድሜ።

አመንኩት። እሑድ ጉባኤው ፊት ቆሜ፣ እናቴ እጄን ይዛኝ፣ እያለቀስኩ ይቅርታ ጠየቅሁ። እሱም ከመዘምራኑ መሃል ሆኖ «አሜን» አለ።

ዛሬ ደውዬ «ካሜራው ውሃ ከገባ ይህ ፎቶ ከየት መጣ?» ስለው «አንቺ ደግሞ፣ የልጅነት ነገር እኮ ነው» ብሎ ሳቀ። ይቅር ማለት እንዳለብኝ አውቃለሁ፤ እየጸለይኩበት ነው።

እናታችን ግን ዐርፋለች። በዚያች ጀልባ ላይ የነበራችሁ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሩኝ። ያን እሑድ እጄን ስትይዘኝ እሷም ታውቅ ነበር?