ከወለጋ ሯጭ አይወጣም

ከነቀምቴ የወጣሁት ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ፣ ጎህ ሳይቀድ ነው። እህቴ ለሊሴ ሻንጣዬን ይዛ እስከ በር ሸኘችኝ፤ አባቴ ግን ከወንበራቸው አልተነሱም። መብራት ጠፍቷል፣ እሳቸው መጽሐፍ ቅዱስ ገልጠው ተቀምጠዋል፤ በዚያ ጨለማ ምን እንደሚያነቡ እግዚአብሔር ይወቅ። "አባባ፣ ልሄድ ነው" አልኳቸው። ገጽ ገለጡ። ስንብታችን ይኸው ነው።

ጸባችን በጊታር ነው፣ አትሳቁ። ቡርቃ ጃቶ ሰፈር ባለችው ቤተ ክርስቲያናችን የመዘምራኑ ጊታር መቺ ነበርኩ። አንድ እሑድ ድምፁን የሚያሻክር ዕቃ ሰክቼ ዝማሬውን በሮክ ስልት ብመታው፣ ሽማግሌዎቹ የሰይጣን ጩኸት ገባብን ብለው ተሰበሰቡ። ሰብሳቢያቸው ደግሞ አባቴ ናቸው። ከአገልግሎት መታገዴን ጉባኤ ፊት ቆመው ያነበቡት ራሳቸው ናቸው፣ ድምፃቸው እንኳ አልተንቀጠቀጠም። ይቅርታ ጠይቅ ተባልኩ፤ ምን አጠፋሁና አልኩ። ንስሐ እስኪገባ ከእሱ ጋር ወሬ የለኝም አሉ፣ ቃላቸውንም ጠበቁ። አንድ ቤት እየኖርን ጨው አቀብለኝ የሚሉኝ በለሊሴ በኩል ነበር።

ምን ቀረኝ? ሩጫ። ጠዋት ጠዋት በአስፋልቱ ዳር እሮጥ ነበር። የአገሩ ሰላም ሲደፈርስ እሱም ቀረ። በዚያ ሰሞን በእኛ አገር የሚሮጥ ሰው ወይ አባራሪ ነው ወይ ተባራሪ፤ ለጤናዬ ነው ብትል ማን ይሰማሃል? ጠመንጃ የያዙ ሰዎች አስቁመው ከማን እንደምሸሽ ጠየቁኝ። ከማንም አልኳቸው። እንግዲያው ወደ ማን ነው የምትሮጠው ብለው ወስደው አሰሩኝ። በቁምጣ የሚዘምት ሰው የት አይተው እንደሆነ እንጃላቸው። ስፈታ በዶሮ ኮቴ የምበረግግ ሰው ሆኜ ነበር።

መንገዱን አልተርክላችሁም። ያለፈበት ያውቀዋል፣ ያላለፈበት አይወቀው። ፊንላንድ፣ ታምፔሬ የምትባል ከተማ ደረስኩ። ቃሌን የተቀበለኝ የስደተኞች ጉዳይ ሹም ድንበሩ ላይ ከሌሎች ስደተኞች ጋር ከመኪና ወርደን ጫካው ድረስ እንዴት እንደሮጥን ሲሰማ ብዕሩን አስቀመጠና ርቀቱን ከሰዓቱ ጋር አሰላ።

"ለኢትዮጵያዊ ይህ ቀርፋፋ አይደለም?" አለኝ።

"ጌታዬ፣ ሯጭ የሚወጣው ከአርሲ ነው። ከወለጋ የሚወጣው ሰባኪ ነው።"

አስተርጓሚው ሳቀ። ሹሙ ቃል በቃል ጻፈው።

ከጎኑ ያለውን ቤት ያከራየኝ ፔካ ደግሞ ብሶበት ቁጭ አለ። ከመፈራረማችን በፊት ማለዳ ማለዳ በደረጃው ላይ የሩጫ ልምምድ እንዳላደርግ አስጠነቀቀኝ፣ ጎረቤት ይረበሻል ብሎ። እሱ ግን የራስ ቅል የተሳለበት ጥቁር ካናቴራ ለብሶ ጆሮ የሚበጥስ ሮክ ሲያስጮህ ይውላል፤ ያ ረብሻ አይደለም። ምግባቸውንማ ተዉት። ሩይስሌይፓ የሚሉት ጥቁር ዳቦ አለ፣ በቅቤ የራሰ የጩምቦ ቂጣ በልቶ ላደገ ሰው ቅጣት ነው። ድንቹንም የአገሬ ሥራ ሥር አንጮቴ ነው ብዬ ራሴን እያታለልኩ በላሁ። ጣዕም የለሽ ነገር አያወፍርም ያላችሁ ሰው ካለ ዋሽቷችኋል፣ ቦርጭ አወጣሁ።

አንድ እሑድ ይኸው ፔካ ቤተ ክርስቲያን ወሰደኝ። እናንተዬ! መስቀሉ ሥር ጊታሮች ተደርድረዋል፣ ከበሮው የሠርግ ድንኳን ያህላል፣ ቄሱ ራሳቸው ጭንቅላታቸውን ይወዘውዛሉ። የእኔ ጊታር ከዚህ አጠገብ እሹሩሩ ነው። ለአያቶቻችን ወንጌል ይዘው የመጡት ነጮች እኮ ከዚሁ ወገን ናቸው! አባቴን ከእኔ የለየው ኃጢአት እዚህ ከኬክ ጋር ይታደላል። ልስቅ ብዬ እንባዬ መጣ። ተቆጥቻቸውም ይናፍቁኛል፣ ምን ላድርግ።

ለቦርጩ ብዬ ከቤታችን ፊት ባለው ሐይቅ ዳር ሩጫ ጀመርኩ። የመጀመሪያ ቀን በሁለት እጃቸው ዘንግ የያዙ አሮጊት በእርምጃ አለፉኝ፣ ዞረውም በአዘኔታ አዩኝ። ይሁን፣ እሱን ቻልኩት። ያልቻልኩት ኮቴውን ነው። በረዶው ሲንኮሻኮሽ ከኋላዬ ሰው ይመጣል፤ እዞራለሁ፣ የራሴ እግር ነው። ደግሞ እሮጣለሁ፣ ደግሞ እዞራለሁ። ፔካ ይህን ከመስኮት አይቶ ኖሮ የጆሮ ማዳመጫውን አውሶ የእሱን ሮክ ስልኬ ላይ ጫነልኝ። ከበሮው ኮቴውን ዋጠው። እዚህ ያሉት ሮክ ለሯጭ ጉልበት ይሰጣል ይላሉ፤ ጉልበታቸውን ለራሳቸው ያድርጉት፣ እኔ የምሰማው ወደኋላ ላለመዞር ነው።

ለሊሴ እሑድ እሑድ ትደውላለች። ድምፁን ከፍታ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ታኖረዋለች፣ አባቴ ከጎን ሆነው እንዳልሰሙ መስለው ይሰማሉ። ደኅና መሆናቸውን የማውቀው በሳላቸው ነው። ባለፈው እሑድ ግን ከልማዷ ቀድማ ደወለች፣ ዳገት ላይ አገኘችኝ። ሙዚቃው ቀጥ አለ። ትንፋሼ ተቆራርጦ ስሟን እንኳ ሳልጨርስ ወንበር ሲንቋቋ ሰማሁ።

"ኢልማ ኮ" አሉ አባቴ። ልጄ ማለታቸው ነው። ስሄድ ያልተነሱት ሰውዬ ተነሥተዋል። "ማን እያባረረህ ነው?"

ማንም፣ ለቦርጬ ነው ልል አፌን ከፈትኩ። ይህን ካልኩ ግን ስልኩን ለለሊሴ መልሰው እንደሚቀመጡ አውቃለሁ። ሩጫዬን ቀጠልኩ።

"አታውራ፣ ትንፋሽህን ቆጥብ" አሉኝ። "ወደኋላ አትይ። እኔ እዚሁ ነኝ። ፊጊ፣ ኢልማ ኮ።"

ሩጥ ነው የሚሉኝ። ጉባኤ ፊት ያልተንቀጠቀጠው ድምፅ ተንቀጠቀጠ። ከዚያ ስሜን እየጠሩ ይጸልዩልኝ ጀመር። ያለ ሙዚቃ እየሮጥኩ ነው፣ ኮቴዬም ይሰማኛል፣ ግን አልዞርኩም። ፔካ ደጃፉ ላይ ቆሞ እጁን አወዛወዘልኝ። ቤቴ በር ላይ ደረስኩ፤ አባቴ ገና ስልኩ ላይ ናቸው። በሩን አልፌ ሮጥኩ።