ሳይጠሩ አቤት የሚሉት

በባሕር ዳር አንድ ሆስፒታል ኮሪደር ውስጥ፣ የማንም ስም ይጠራ፣ አንድ ሽማግሌ «አቤት!» ብለው ይነሳሉ። ሙአዊያ ሲባል ተነሱ፤ ጀሊላ ሲባልም ተነሱ። የኮታቸው እጅጌ ላይ የዓሣ ቅርፊት ደርቆ ተጣብቋል። ሲቀመጡ ከኪሳቸው የመረብ ክር አውጥተው ይቋጥራሉ፤ ቋጥረው ሳይጨርሱ ይፈቱታል።

«አባቴ፣ የማን ቤተሰብ ነዎት?» አለቻቸው ከላቦራቶሪው ብቅ ያለችው ባለሙያ፣ ወንጌላዊት።

«የየሺመቤት አባት ነኝ። የጡቷ ናሙና ውጤት ዛሬ ይደርሳል ብላችሁኝ ከቁንዝላ መጣሁ።»

«የሷ ስም ሲጠራ ይነሳሉ። እስከዚያ ይረፉ።»

«እሽ» ብለው ሳይቀመጡ ሌላ ስም ተጠራ።

«አቤት!»

ወንጌላዊት ወደ ማይክሮስኮፗ ተመለሰች። በጤነኛ ሴል ገጽ ላይ ያሉ ተቀባይ ፕሮቲኖች፣ የእድገት መልእክት ሲደርሳቸው ጥንድ ጥንድ ሆነው ይያያዙና «ተባዛ» የሚለውን ትእዛዝ ወደ ውስጥ ያስተላልፋሉ። በየሺመቤት ናሙና ላይ ግን ከልክ በላይ በዝተው፣ በማቅለሚያው ተነክረው እያንዳንዱን ሴል እንደ ቡናማ ቀለበት ከበውታል። መልእክት ሳይደርሳቸው ካንሰሩን የሚያባዙት እነዚህ፣ ማንም ሳይጠራቸው አቤት የሚሉት ናቸው።

የውጤቱን ወረቀት ይዛ ወደ ኮሪደሩ ወጣች።

«የየሺመቤት ቤተሰብ!»

ክሩ ከሽማግሌው እጅ ወደቀ። አቤት ሳይሉ ዘወር አሉና፣ የተጠራውን ሰው ከኋላቸው ይፈልጉ ጀመር።