ድምፅ የሚውጠው ምንጣፍ

ባሌን ሰፈሩ ሁሉ የሚያውቀው ጡሩምባ በሚለው ቅጽል ስሙ ነው፤ ሲያወራ ይጮኻላ። ምስጢር ልንገራችሁ ብሎ ከንፈሩን ወደ ጆሯችሁ ቢያስጠጋ እንኳ ማዶ ያለው ሰው አብሮ ይሰማል። ከሐይቁ ወዲህኛው ዳር ወደ ወዲያኛው ሰው የምታሻግር አንዲት አሮጌ የሞተር ጀልባ አለችን። እሱ ካፒቴን ነው፤ እኔ ትኬት እቆርጣለሁ፣ ተሳፋሪ አስቀምጣለሁ፣ ሲጣሉም እገላግላለሁ። ልጃችንን አሳድገን የዳርነው በዚያች ጀልባ ነው። ጩኸቱን ሰው ሁሉ ሞተር ሥር ከመኖር የመጣ ልማድ ነው ይላል። እኔም እንደዚያው ነበር የማስበው።

ሌላው ልማዱ በባዶ እግሩ መንዳቱ ነው። ካቢኑ በር ላይ ሲደርስ ጫማውን ያወልቅና ጥግ ያስቀምጣል፤ ብርድም ሆነ ዝናብ ጉዳዩ አይደለም። መሪው ሥር የሚቆምበት ቦታ ላይ ፕላስቲክ ምንጣፉ ተበልቶ አልቆ ሳንቃው ፈጦ ወጥቷል፤ የሁለት እግሮቹ ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ይታያል። "እንለጥፍበት" ባልኩ ቁጥር "ተይው፣ እሱ የኔ ቦታ ነው" ይለኛል። ግትርነት ነው ብዬ ተውኩት፤ ከግትር ሰው ጋር ስንቱን ተከራክሬ እችላለሁ?

አንድ ቀን አንዲት ተሳፋሪ በዚያ በተቀደደው ጠርዝ ተጠልፋ ወደቀችና እጇ ተሰበረ። በማግስቱ የወደቡ ተቆጣጣሪ መጣ። ጎንበስ ብሎ ወለሉን በቁልፍ ጫፍ ፈቀፈቀና "ይሄ ምንጣፍ ሳይቀየር ጀልባዋ ሰው አትጭንም" ብሎን ሄደ።  ባሌ ሰውየው ሲናገር አፍ አፉን ብቻ ነበር የሚያየው።

በዚያ ሰሞን እኔና እሱ ተኮራርፈን ነበር። እውነቱን ለመናገር ያኮረፍኩት እኔ ነኝ፤ እሱ ማኩረፌንም አላወቀም። ከጓዳ ስጠራው አይመጣም። ከኋላው ሆኜ ሳወራው ግድግዳ ያናገርኩ ያህል ነው። ልጃችን ስትደውል "እናንተ ሴቶች አውሩ" ብሎ ስልኩን ለኔ ያቀብላል። ጭጋግ በነበረበት ጠዋት ደግሞ ትልቁ የጭነት መርከብ ጡሩምባውን እየደጋገመ ሲነፋ ባሌ ንቅንቅ ሳይል ቀጥ ብሎ ነዳ፤ ለጥቂት ተላለፍን። ተሳፋሪው ሁሉ ሲንጫጫ እሱ "አይቼዋለሁ" ብሎ አለፈው። እኔ ግን ፊቱን አይቼው ነበር፤ መርከቡ ከጭጋጉ ሲወጣ ከኔ እኩል ነው የደነገጠው። ያን ቀን በጣም ተናደድኩበት። ንቆኛል፣ ሰልችቼዋለሁ፣ ሲያረጅ ልቡ ደነደነ እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ።

እንዲህ እንዳኮረፍኩ ነው ተያይዘን ምንጣፍ ልንመርጥ የሄድነው። የምንጣፍ ነጋዴው አፈ ቅቤ የሚባል ዓይነት ሰው ነው። ጥቅሎቹን እያገላበጠ ቆየና አንዱን ወፍራም መሬት ላይ ዘረጋው።

"እዚህች ላይ ይቁሙባት እስቲ ካፒቴን። ከላይ ጎማ፣ ከታች ስፖንጅ። ውሃ አታስገባ፣ አታንሸራትት፣ ድምፅ ትውጣለች! ሞተሩ ከሥርዎ እያጓራ ሳሎንዎ የተቀመጡ ነው የሚመስልዎት።"

ወፍራሙን ወደድኩት። ቀለሙ ደስ ይላል፤ እግር ይመቻል። ባሌ ጫማውን አውልቆ ወጣበት፣ አንዴ ረገጥ ረገጥ አደረገውና ራሱን ነቀነቀ። ሌላ ተዘረጋ፤ አሁንም ራሱን ነቀነቀ። እንዲህ እያለ መጨረሻ ላይ ከሁሉ የሳሳውን፣ የወጥ ቤት ጠረጴዛ የሚሸፈንበትን የሚመስል ስስ ፕላስቲክ መረጠ።

"ይሄማ በስድስት ወር አያልቅም እንዴ?" አልኩት። 

መብራት ጠፍቶ ስለነበር የሱቁ ጀኔሬተር በሩ ላይ፣ የእንጨት ርብራብ ላይ ተቀምጦ ያንባርቃል። ባሌ ስሱን ፕላስቲክ አንጠልጥሎ ሄደና ርብራቡ ላይ አነጠፈው። በባዶ እግሩ ቆመበት። ዓይኑን ጨፈነ።

"አንዴ አጥፋውና መልሰህ አስነሳው!" አለ።

ነጋዴው እየሳቀ አጠፋ፣ አስነሳ። ባሌ ሲነሳ ጣቱን ወደ ላይ ያነሳል፣ ሲጠፋ ያወርዳል። አንዴም አልሳተም። ቀጥሎ እኔ የወደድኩትን ወፍራሙን አነጠፈና ዓይኑን እንደገና ጨፈነ። ነጋዴው አስነሳው። ጀኔሬተሩ ከእግሩ አጠገብ ሱቁን እያደነቆረው ነው። የባሌ ጣት አልተነሳም። ዓይኑን እንደጨፈነ ይጠብቃል።

"አላልኩም? ድምፅ ትውጣለች ብያለሁ እኮ!" አለ ነጋዴው፣ ለዕቃው ማስታወቂያ የተሠራለት መስሎት።

እኔ ክው አልኩ። በእግር ጣቴ ተራምጄ ከኋላው ቆምኩና፣ ከኔ በቀር ማንም በማይጠራው የፍቅር ስሙ ጠራሁት። ነጋዴው ዞረ። ባሌ አልዞረም። ጮክ ብዬ ደገምኩት። እሱ ዓይኑን ገልጦ ጎንበስ አለና የስሱን ፕላስቲክ ጠርዝ በጣቱ ማሸት ጀመረ።

ለካስ አይሰማኝም። ስንት ጊዜ ያኮረፍኩት፣ ስንት ጊዜ በሆዴ የረገምኩት ሰው አይሰማኝም ነበር። ጀልባዋን የሚነዳው በእግሩ እየሰማ ነው። የሞተሩን መነሳት፣ መድከም፣ ማሳሉን ሁሉ የሚነግረው ያ ያለቀ ሳንቃ ነው። እንዳይለጠፍ የሚከለክለኝም ለዚህ ነው። 

ቀጥሎ ፍርሃት መጣብኝ። ስሱን ብንወስድ ባሌ ካፒቴን ሆኖ ይቀጥላል፤ ማንም አያውቅበትም። ግን ውሃ ውስጥ የወደቀ ሰው ጩኸት በእግር አይሰማም። የመርከብ ጡሩምባም በእግር አይሰማም። ጆሮ ልሁንለት ብዬም አሰብኩ፤ እሱ ፊት፣ እኔ ኋላ ነኝ፣ ብጮህ ማን ሊሰማኝ? ወፍራሙን ብንወስድ ደግሞ በማግስቱ ካፒቴንነቱ ያበቃል። ከዚያች ጀልባ ሌላ ምን አለው?

እዚያው ልነግረው ፈለግሁ። ግን እንዲሰማኝ መጮህ ነበረብኝ፤ በገበያ መሃል፣ "ጆሮህ ደንቁሯል" ብዬ።

"ስሷን ነው የምወስደው!" አለ ባሌና ጀርባውን ሰጥቶን ጫማውን ማሰር ያዘ።

"እርስዎስ ምን ይላሉ እናቴ?" አለኝ ነጋዴው፣ ጀኔሬተሩን አጥፍቶ።

"ወፍራሙን" አልኩት፣ ቡና ቤት እንደሚያወራ ሰው በተለመደ ድምፅ። "ነገ መጥተህ አንጥፍልን።"

ነጋዴው ክርክር የሚነሳ መስሎት የባሌን ጀርባ አየ። ባሌ የጫማውን ክር እያጠበቀ ነበር።

"እንግዲህ እሳቸው ካልተቃወሙ እኔ ምን ቸገረኝ" አለና ወፍራሙን ጥቅል ለብቻ አቆመው።

ቤት እንደገባን ፊት ለፊቱ ተቀመጥኩ፣ እጁን ያዝኩና ጆሮዬን ነካ አድርጌ "ንገረኝ እንጂ" አልኩት። ፊቱ ተለዋወጠ። እጁን ከእጄ ቀስ ብሎ አወጣና ግቢ ወጥቶ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ የተጣመመ ሚስማር ማቃናት ጀመረ። ባሌ ጀርባውን ከሰጠ ወሬ አበቃ ማለት ነው። በሩ ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ሳልደብቅ፣ ድምፄን አውጥቼ አለቀስኩ፤ እሱ ሚስማሩን መቀጥቀጡን አላቋረጠም።

በማግስቱ ባሌ ነዳጅ ሊያመጣ በሄደበት ነጋዴው መጥቶ አሮጌውን ፕላስቲክ ገነጣጥሎ ጣለ፣ ሳንቃውን ማስቲሽ ቀብቶ ወፍራሙን ለጠፈ። የእግሮቹ ቅርጽ ከሥር ተሸፈነ። ባሌ ሲመለስ እንደ ልማዱ ጫማውን በሩ ላይ አውልቆ ገባ። እግሩ ስፖንጁ ውስጥ ሰመጥ ሲል ቆም አለ። ወለሉን አየ፣ እኔን አየ። የሚቆጣ መስሎኝ ነበር፤ አልተቆጣም። ወደ መሪው ሄደና ቁልፉን አዞረ።

ሞተሩ ተነሳ። መስኮቶቹ እንደ ወትሮው ተንቀጫቀጩ። ባሌ ይጠብቃል። አንዱን እግሩን አነሳና መልሶ አስቀመጠ፣ ሌላውንም እንዲሁ። ከዚያ ቁልፉን ደግሞ አዞረው፤ በተነሳ ሞተር ላይ ሲያዞረው ብረት በብረት ተፋጭቶ የሚዘገንን ድምፅ አወጣ። ነጋዴው የማስቲሽ ብሩሹን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

"አልነሳ አለ እኮ!" አለ ባሌ።

ዳር ላይ ትኬት የሚጠብቁት ሁሉ ሰሙት። አንዱ ቀልድ መስሎት ሳቀ።

ሄጄ እጁን ያዝኩና የሞተሩ ክዳን ላይ አስቀመጥኩት። ክዳኑ ይንዘፈዘፋል፤ እጁም አብሮ ተንዘፈዘፈ። ቀና ብሎ ፊቴን አየ። አፌን እንዲያይ ቀስ ብዬ "ተነስቷል" አልኩት።

 ከዚያ ቁልፉን ወደ ኋላ መልሶ ሞተሩን አጠፋ፣ ቁልፉን ነቀለና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

"ጫማዬን አቀብዪኝ" አለኝ። ለኔ ብቻ ሊነግረኝ አስቦ ነበር፤ ወደቡ ሁሉ ሰማው። ጎንበስ ብዬ እኔው አጠለቅኩለት።