የዴሉ በኩር

ዴሉ የበኩር ልጇን በስሟ ጠርታት አታውቅም። በማራዲ አካባቢ ባሉት የሐውሳ መንደሮች በኩርን በሰው ፊት መጥራትም ሆነ አቅፎ ማባበል ነውር ነው፤ በአማት ፊት ሲሆንማ አይነሣ። ስለዚህ ልጅቱ ለእናቷ «ያቺ» ነበረች። ዴሉ ጨዋ ምራት ተብላ የተመሰገነችውም በዚሁ ነው።

ያን ክረምት ማሽላው ሳይደርስ ጎተራው ተሟጠጠ። ባሏ እንደ ሌሎቹ ወንዶች ሥራ ፍለጋ ድንበር ተሻግሮ ናይጄሪያ ወርዷል። ልጅቱ ከሳች፤ ጠጉሯም ሳሳ።

ቀድሞ፣ ያ የለውዝ ቅቤ የሚመስለው አልሚ ምግብ የሚገኘው ከከተማው ጤና ጣቢያ ብቻ ነበር። መንገዱ ይገድላል። ግን እዚያ የሚያውቃቸው ዓይን ስለሌለ እናቶች በኩራቸውን እንደ ልባቸው እያባበሉ ያበሉ ነበር። በዚያ ዓመት ግን ደግ ታስቦ ምግቡ ወደ መንደር መጣ። ሁሬ የምትባል ጎረቤት የልጆችን ክሳት በክንዳቸው መለካት ተምራ ከኒሙ ዛፍ ሥር ማደል ጀመረች። መንደሩም ለማየት ወጣ።

የመለኪያው ጥብጣብ በልጅቱ ክንድ ላይ ቀዩን፣ የከፋውን የረሃብ ምልክት አሳየ።

«እስቲ እዚሁ ትቅመሰው» አለች ሁሬ እሽጉን ቀድዳ። «እምቢ ካለች የኔ አቅም አይደለም፣ ሆስፒታል ነው። አባብያት እንጂ፣ ዴሉ።»

ዴሉ አማቷን በዓይኗ ጠርዝ አየች። ከዚያ ፊቷን ወደ ዛፉ አዙራ እሽጉን በእጇ ብቻ ዘረጋችላት።

«ለፍየል ነው እንዴ የምትሰጪው?» አለች አንዷ። ሴቶቹ ሳቁ።

«ተዉአት፤ የኔ ምራት ዓይነ ደረቅ አይደለችም» አሉ አማቷ እማማ ታሳላ።

«እንግዲያው እርስዎ ይሞክሩ፣ እማማ» አለች ሁሬ።

ሞከሩ። ልጅቱ አፏን ገጥማ ዓይኗን እናቷ ላይ ተከለች። እናቷ ዛፉን ታያለች።

በማግስቱ ወደ ከተማው ሆስፒታል የሚያደርስ የአህያ ጋሪ ተገኘ። የመጨረሻውን ማሳ ሲያልፉ ዴሉ ዞር ዞር ብላ አየች፤ ነጂው የሌላ አገር ሰው ነው። ልጅቱን ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ ከእሽጉ በጣቷ ጨልፋ ከንፈሯን ቀባቻት።

«ባሪራ» አለች። ድምፅዋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት። «ባሪራዬ፣ ብዪ የኔ እመቤት። ማንም የለም እኮ።»

ልጅቱ የጠራትን ለማወቅ ያህል ዓይኗን ቀስ ብላ ገለጠች። አፏን ግን አልከፈተችም። የተቀባችው እዚያው ከንፈሯ ላይ ደረቀ።

ከተማው ገና ሳይታይ ነጂው ዞሮ ልጅቱን አየና አህያውን መለሰ።

እማማ ታሳላ ከኒሙ ዛፍ ሥር ጠበቋቸው። የልጅቱን ፊት የሸፈነውን ነጠላ ገልጠው አዩና ጀርባቸውን ሰጡ።

«አልቅሺ፣ ልጄ» አሉ። «አላየሁሽም።»

ዴሉ አላለቀሰችም። ለምዶባት ፊቷን ወደ ዛፉ አዞረች።